በኮምፒዩተር አካላት ውስጥ የእርሳስና የሌሎች አደገኛ ንጥረ ነገሮች ታሪክ

1. መግቢያ

ስለ ኮምፒዩተር አመጣጥ በትምህርት ቤቶቻችንና በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በትውልድ ተከፋፍሎ ይቀርባል። የመጀመሪያው ትውልድ የቫልቭ፣ ሁለተኛው የትራንዚስተር፣ ሦስተኛው የተቀናጀ ሰርኪት፣ አራተኛው የማይክሮፕሮሰሰር ነው እየተባለ ይዘረዘራል። ተማሪውም መሣሪያው በየትውልዱ እንዴት እያነሰ፣ እየፈጠነና ዋጋው እየረከሰ እንደ መጣ ይገነዘባል። ይህ አከፋፈል ለማስተማር የሚመች ከመሆኑም በላይ በይዘቱ ትክክል ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም መሣሪያው ከምን እንደ ተሠራ፣ የሠሩት እጆች ምን እንደ ነኩና አገልግሎቱን ሲፈጽም ወዴት እንደሚሄድ አለመናገሩ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንኑ ታሪክ ከንጥረ ነገሮቹ በኩል መልሶ መተረክ ነው። በተለይም እርሳስ የተባለው ብረት በኮምፒዩተር ውስጥ ለምን እንደ ገባ፣ ጉዳቱ በእነማን ጥናት እንደ ታወቀ፣ በምንስ ምክንያት እንዲወጣ እንደ ተወሰነ ለመመርመር ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የእርሳስ መርዛማነት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነበር፤ የኮምፒዩተርን እርሳስ የሚገድብ ሕግ የወጣው ግን መሣሪያው በተሠራ ጊዜ ሳይሆን ቆሻሻ በሆነ ጊዜ ነው። ይህ መዘግየት ከምን እንደ መጣ መረዳት ለመምህሩም ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁም ይጠቅማል።

ከዚህ ቀጥሎ የተጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. ከኮምፒዩተር በፊት የታወቀ መርዝ

እርሳስ ለስላሳ፣ ከባድና በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ብረት ነው። በማገዶ እሳት ቀልጦ እንደ ተፈለገው ስለሚቀረጽ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ለውኃ ቧንቧ፣ ለጣሪያ መሸፈኛና ለቀለም ተገልግሎበታል። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል በጥንት ታውቋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእተ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ኒካንድሮስ የእርሳስ ውሁድ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ሕመም ገልጿል። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስም ውኃ በእርሳስ ቧንቧ ከሚመጣ ይልቅ በሸክላ ቧንቧ ቢመጣ እንደሚሻል ሲመክር፣ የእርሳስ ሠራተኞችን የገረጣ መልክ በማስረጃነት ጠቅሷል።

በ1700 ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሸክላ ዕቃን በእርሳስ የሚቀቡ ሠሪዎች በመጀመሪያ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከዚያም ሰውነታቸው እንደሚሽመደመድ መዝግቧል። በ1786 ደግሞ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ እርሱ ራሱ በወጣትነቱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ስለ ነበረ፣ የእርሳስ ፊደላትን በእሳት አሙቀው የሚለቅሙ ሰዎች እጃቸው እንደሚሰንፍ በደብዳቤ ጽፏል። በዚያው ደብዳቤ አንድ ጠቃሚ እውነት ከታወቀ በኋላ በሥራ ላይ እስኪውል ምን ያህል ረጅም ዘመን እንደሚፈጅ በመገረም አመልክቷል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «እርሳስ» የሚለው ቃል ብረቱንም መጻፊያውንም ያመለክታል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ግን ከግራፋይትና ከሸክላ አፈር የሚሠራ ስለሆነ እርሳስ የተባለው ብረት የለበትም። በአንጻሩ መጻሕፍታችንና ጋዜጦቻችን ለብዙ ዘመን የታተሙባቸው ፊደላት ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅይጥ የተቀረጹ ነበሩ። እንግዲህ እውነተኛውን እርሳስ በእጁ ይዞ የነበረው ፊደል ለቃሚው እንጂ ጸሐፊው አልነበረም። መምህሩ ስለ እርሳስ መርዛማነት ከማስተማሩ በፊት ይህን ልዩነት ካላስረዳ ተማሪው በከንቱ መጻፊያውን ሊፈራ ይችላል።

በሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ የእርሳስ ጉዳት ከሐኪሞች ማስታወሻ አልፎ የመንግሥት ምርመራ ጉዳይ ሆነ። በ1910 በአሜሪካ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ስለ ሥራ በሽታዎች ያደረገውን ምርመራ የመራችው ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን በየፋብሪካው እየዞረች የእርሳስ አቧራ የሚተነፍሱትን ሠራተኞች መረመረች። በ1921 በእርሳስ የተዘጋጀ ውሁድ ቤንዚን ላይ ቢጨመር የሞተርን ጉርምርምታ እንደሚያስቀር በተገኘ ጊዜም፣ በ1925 በዋሽንግተን በተደረገው ስብሰባ እርሷና ጓደኞቿ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር። ማስጠንቀቂያው አልተሰማም። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ፈጽሞ የጠፋው አልጄሪያ ሽያጩን ባቆመችበት በ2021 ነው።

ለትምህርት ባለሙያዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕፃናት ሐኪሙ ኸርበርት ኒድልማንና ባልደረቦቹ በ1979 ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በሚገኙ ሁለት ከተሞች በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ የወለቁ የወተት ጥርሶችን ሰብስበው የእርሳሱን መጠን ለኩ። መምህራንም የትኛው ሕፃን ብዙ እርሳስ እንዳለበት ሳያውቁ፣ በክፍል ውስጥ ትእዛዝ መከተሉን፣ ትኩረቱንና የጀመረውን መፈጸሙን በመጠይቅ መሠረት እንዲገመግሙ ተደረገ። ውጤቱ ሲነጻጸር በጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኙ ሲሆን፣ በመምህራኑ ግምገማም ትኩረት የጎደላቸው ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ሕፃናት አንዱም በሐኪም ዘንድ በእርሳስ ተመርዟል የተባለ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሕፃን በየትምህርት ቤቱ ሰነፍ ወይም ረባሽ ተብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ከዚህና ከሌሎች ጥናቶች የተነሣ አደገኛ ነው የሚባለው የእርሳስ መጠን በየጊዜው ዝቅ እያለ መጥቷል። በአሜሪካ በ1960ዎቹ የሕፃናት የደም እርሳስ እርምጃ የሚወሰድበት መጠን በአንድ ዴሲሊትር ደም 60 ማይክሮግራም ነበር። በ1991 ወደ 10፣ በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 ወርዷል። ምንም ጉዳት የማያደርስ ነው ተብሎ የሚታመንበት መጠን ዛሬ የለም።

3. አምስት ሚሊዮን ብየዳዎች

ይህ ሁሉ እውቀት በነበረበት ዘመን ኮምፒዩተር ተፈጠረ። በየካቲት ወር 1946 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ 30 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫልቮችም ነበሩት። በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሱት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። ከእነርሱ ጋር የማይጠቀሰው ሌላ ቁጥር ግን 5 ሚሊዮን ነው፤ ይኸውም በመሣሪያው ውስጥ በእጅ የተበየዱት መጋጠሚያዎች ብዛት ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ጠብታ ነበረበት። ስለዚህ እርሳስ በኮምፒዩተር ውስጥ የገባው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ለማለት ይቻላል።

እርሳስ የተመረጠበት ምክንያት በቸልተኝነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ቆርቆሮ ብቻውን በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ ብቻውን በ327 ዲግሪ ይቀልጣሉ። ከመቶ 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ሲቀላቀሉ ግን ቅይጡ ከሁለቱም ባነሰ ሙቀት፣ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም በመካከል የመላቆጥ ደረጃ ሳያሳይ ወዲያውኑ ይጠነክራል። መዳቡን በሚገባ ይይዛል፤ አነስተኛ ሙቀት ስለሚበቃው ሌሎቹን ክፍሎች አያቃጥልም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ሌላም ጥቅም ነበረው። በንጹሕ ቆርቆሮ በተለበጠ የኤሌክትሪክ ክፍል ላይ ከጊዜ ብዛት ከፀጉር የቀጠኑ የብረት ክሮች በራሳቸው ይበቅላሉ። ባለሙያዎች በጢም የሚመስሏቸው እነዚህ ክሮች ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲደርሱ ኤሌክትሪኩን ያለ ቦታው ያገናኙታል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራዎች የተደረገው ጥናት በቆርቆሮው ላይ ጥቂት እርሳስ ቢጨመር ጢሙ እንደማይበቅል አረጋገጠ። ስለዚህ እርሳስ ለመሐንዲሱ መርዝ ሳይሆን የአስተማማኝነት ዋስትና ሆኖ ታየው።

በ1936 በለንደን ፖል አይስለር የጀመረው የታተመ ሰርኪት ቦርድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፊው ተሠራጨ። በ1956 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ቦርዱን በቀለጠ ብረት ማዕበል ላይ አሳልፎ በአንድ ጊዜ የሚበይድ መሣሪያ ተፈለሰፈ። በዚህ ጊዜ የእጅ ብየዳ ቀርቶ ቅይጡ በገንዳ ይቀልጥ ጀመር። የትራንዚስተርና የተቀናጀ ሰርኪት ትውልዶች ሲተካኩ መሣሪያው እያነሰ፣ በአንዱ መሣሪያ ያለው እርሳስም እየቀነሰ መጣ። የመሣሪያው ቁጥር ግን ከጥቂት ደርዘን ወደ መቶ ሚሊዮኖች አደገ። የትውልዶቹ ታሪክ ስለ መጠን ማነስ ብቻ ሲናገር ይህን የቁጥር ብዛት መርሳቱ ዋነኛ ጉድለቱ ነው።

4. ከመስታወቱ ውስጥ

በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ካለው እርሳስ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በብየዳው ሳይሆን በሞኒተሩ መስታወት ነው። ባለ ካቶድ ጨረር ቱቦው፣ ማለትም ጀርባው ወፍራም የሆነው ሞኒተር፣ ምስል የሚሠራው ኤሌክትሮኖችን በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ መስታወቱ በመወርወር ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሲጋጩ ጥቂት የራጅ ጨረር ይወጣል። በ1967 ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው አንዳንድ የቀለም ቴሌቪዥኖች ከተፈቀደው በላይ ጨረር ማውጣታቸው ታውቆ በሕዝብ ዘንድ ሥጋት ተፈጠረ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ከኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚወጣውን ጨረር የሚቆጣጠር ሕግ አወጣ። ጨረሩን ለማገድ ከተወሰዱት መንገዶች አንዱ የእርሳስ ኦክሳይድ ያለበት ከባድ መስታወት መጠቀም ነበር። በቱቦው የኋላ ክፍል ያለው መስታወት ከመቶ 20 እጅ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ይይዛል። አንድ ሞኒተር እንደ ስፋቱ ከአንድ እስከ ጥቂት ኪሎግራም የሚደርስ እርሳስ አለበት ማለት ነው።

ይህ ምሳሌ ለታሪክ ትምህርት በጣም ጠቃሚ ነው። ተጠቃሚውን ከአንድ አደጋ የጠበቀው ያው እርሳስ መሣሪያው ሲጣል ለሌላ ሰው አደጋ ሆኗል። በመስታወቱ ውስጥ ተዋሕዶ እስካለ ድረስ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚሠራውን ሰው አይጎዳውም፤ መስታወቱ ተሰብሮ ሲደቅና ዝናብ ሲያጥበው ግን እርሳሱ ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይገባል።

ከእርሳስ በቀር ያሉትንም ባጭሩ መጥቀስ ይገባል። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ባትሪዎች ካድሚየም ይገኛል፤ ይህ ብረት ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል። ቀጫጭኖቹ ሞኒተሮች በመጀመሪያ ዘመናቸው ከኋላ በሚያበራላቸው መብራት ውስጥ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ነበረባቸው። የብረት ሽፋኖችን ከዝገት ለመጠበቅ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም የተባለው የካንሰር መንሥኤ ጥቅም ላይ ውሏል። ፕላስቲኩ በቀላሉ እንዳይቀጣጠል ደግሞ ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች ተጨምረውበታል። እነዚህ ኬሚካሎች እሳትን ቢከላከሉም ፕላስቲኩ በግድ ሲቃጠል እጅግ መርዛማ የሆነ ጢስ ያወጣሉ።

5. «ንጹሕ» የተባለው ኢንዱስትሪ

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳንታ ክላራ ሸለቆ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት በፕለምና በአፕሪኮት እርሻዎቹ የታወቀ ነበር። የማይክሮ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች በተተከሉበት ጊዜ ጢስ የሚተፋ ጭስ ማውጫ ስላልነበራቸው «ንጹሕ ኢንዱስትሪ» ተባሉ። ጉዳቱ ያልታየው ከሰማይ ሳይሆን ከምድር በታች ስለ ነበረ ነው። ሲሊኮኑ የሚታጠብባቸው አሟሚ ፈሳሾች በፋብሪካዎቹ ሥር በተቀበሩ ጋኖች ይቀመጡ ነበር። በ1981 መጨረሻ በደቡብ ሳን ሆዜ ከሚገኘው የፌርቻይልድ ፋብሪካ ጋን የፈሰሰ አሟሚ ሕዝቡ ወደሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ መድረሱ ታወቀ።

የአካባቢው እናቶች የጽንስ መጨናገፍና የሕፃናት የአካል ጉድለት መብዛቱን ተናገሩ። የጤና ባለሥልጣናት ያደረጉት ጥናት ቁጥሩ ከፍ ማለቱን ቢያሳይም ከውኃው የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ አልቻለም። ይሁን እንጂ በ1982 ነዋሪዎች፣ ሠራተኞችና የሕግ ባለሙያዎች የሲሊኮን ቫሊ የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ኅብረት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በአስቸኳይ ሊጸዱ ይገባል ብሎ ከመዘገባቸው የተበከሉ ቦታዎች 23ቱ በዚህ አንድ አውራጃ ተገኙ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከኤሌክትሮኒክስ ሥራ ጋር የተያያዙ ነበሩ።

6. ከተጣለበት ቦታ የተነሣው ጥያቄ

በ1988 በናይጄሪያ ኮኮ በተባለች የወደብ ከተማ ከጣልያን የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ የመርዛማ ቆሻሻ በርሜሎች በአንድ ሰው ግቢ ተከማችተው ተገኙ። ይህና ይህን የመሳሰሉ ድርጊቶች ባስነሡት ቁጣ በመጋቢት ወር 1989 አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ተፈረመ። የአፍሪካ አገሮችም ስምምነቱ በቂ አይደለም በማለት በጥር ወር 1991 አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ የሚከለክለውን የባማኮ ስምምነት አጸደቁ።

በዚያን ጊዜ የተጣለ ኮምፒዩተር እንደ አደገኛ ቆሻሻ የሚታይ አልነበረም። ነገሩን የገለጠው በየካቲት ወር 2002 የባዝል እንቅስቃሴ መረብና ከላይ የተጠቀሰው የሲሊኮን ቫሊ ማኅበር ያወጡት ዘገባ ነው። ዘገባው በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ጉዪዩ ሰዎች የአሜሪካና የሌሎች አገሮችን አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንዴት እንደሚፈቱ አሳየ። ሠራተኞቹ ሰርኪት ቦርዱን በከሰል ምድጃ ላይ አሙቀው የብየዳውን ቅይጥ ያቀልጣሉ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን አቃጥለው መዳቡን ያወጣሉ፤ ወርቁን ለማግኘት በወንዝ ዳር አሲድ ይጠቀማሉ።

በ2007 የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ጥናት በጉዪዩ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ 165 ሕፃናትን ደም መርምሮ፣ አማካይ የእርሳሱ መጠን በዴሲሊትር 15.3 ማይክሮግራም መሆኑን አስታወቀ። ይህ ሥራ በማይሠራበት በጎረቤቷ ከተማ በቼንዲያን የተመረመሩት 61 ሕፃናት አማካይ ግን 9.94 ነበር። እንግዲህ ኒድልማን በማሳቹሴትስ በወተት ጥርስ ያየው እርሳስ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በሌላ አህጉር፣ ኮምፒዩተሩን ተጠቅመውበት በማያውቁ ሕፃናት ደም ተገኘ። መሣሪያው ሲሠራ የተጠቀመበት ሌላ፣ ሲሞት የተቀበለው ሌላ ነበር።

7. ሕጉና የሕጉ ዋጋ

በአውሮፓ ለሕጉ መውጣት ምክንያት የሆነው ይኸው የቆሻሻ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጥር ወር 2003 በአንድ ቀን ሁለት መመሪያዎች አወጣ። አንደኛው አምራቾች ያረጁ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን መልሰው እንዲሰበስቡ ያስገድዳል። ሁለተኛው ደግሞ ስድስት ንጥረ ነገሮች፣ ይኸውም እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ሄክሳቫለንት ክሮሚየምና ሁለት ዓይነት የብሮሚን ኬሚካሎች በአዳዲስ ዕቃዎች እንዳይገቡ ገደበ። ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ውስጥ ከክብደቱ ከ0.1 በመቶ በላይ፣ ካድሚየም ከሆነ ከ0.01 በመቶ በላይ መገኘት ተከለከለ። ከዚያ በፊት በ2001 የኔዘርላንድ ባለሥልጣናት በገመዶቹ ውስጥ ካድሚየም ስለ ተገኘ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚደርሱ የሶኒ የጨዋታ መሣሪያዎችን ማገዳቸው አምራቾች ሕጉን በቁም ነገር እንዲመለከቱት አድርጓል። በ2007 ቻይናም የራሷን ደንብ ሥራ ላይ አዋለች። ለአንድ ገበያ ብቻ የተለየ መሣሪያ መሥራት ስለማያዋጣ የአውሮፓው ሕግ በተግባር የዓለም ሕግ ሆነ።

ይህ ማለት ግን ችግሩ ያለ ዋጋ ተፈታ ማለት አይደለም። በእርሳሱ ፋንታ የገባው የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ብሩም ከማዕድን ማውጫ የሚመጣ በመሆኑ የራሱ የሆነ ብክለት አለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2005 ባወጣው ንጽጽር እርሳስ የሌለበት ቅይጥ በሁሉም መለኪያ የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ከላይ የተገለጠው የቆርቆሮ ጢምም ሥጋት ሆኖ ቀረ። በ1998 በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የኪስ ጥሪ መቀበያዎችን ድምፅ ያጠፋው የጋላክሲ 4 ሳተላይት ብልሽት ምክንያቱ ይኸው ጢም እንደ ሆነ ተገምቷል። ስለዚህም ሕጉ ሌላ አማራጭ ላልተገኘላቸው ነገሮች፣ ከእነዚህም መካከል ለሞኒተር መስታወትና ለአንዳንድ ከፍተኛ ሙቀት ለሚጠይቁ ብየዳዎች፣ ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል።

ነገሩን በሚዛን ለማየት ሌላም እውነት መጨመር ይገባል። ከዓለም የእርሳስ ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የመኪና ባትሪ ሲሆን የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ሆኖም የባትሪው እርሳስ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ በሰርኪት ቦርድ ላይ ያለው ግን በሺህ ጠብታ ተበትኖ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ስለተቀላቀለ ለመሰብሰብ አዳጋች ነው። ሕጉም ወደ ኋላ አይሠራም። ከ2006 በፊት የተመረቱት መሣሪያዎች እርሳሳቸውን እንደያዙ ከአገር ወደ አገር መሸጋገራቸውን ቀጥለዋል። በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተጣለ ሲሆን፣ በሥርዓት መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ በመዝገብ የተረጋገጠው 22.3 በመቶ ብቻ ነው።

8. ጉዳዩ በትምህርት ቤቶቻችን

ኢትዮጵያ የባዝልን ስምምነት በ2000 ተቀብላለች። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ደንብ አውጥቷል። ሕግ አለ ማለት ነው። ቀሪው ጥያቄ ሕጉ የትምህርት ቤቱን ግምጃ ቤት ደጃፍ መሻገሩ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒዩተር ያገኙት በአብዛኛው በእርዳታ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው ከተጠቀመበት በኋላ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰጥ ቆይቷል። የፕላዝማው መስታወት የእርሳስ ኦክሳይድ ስለሚያስፈልገው የአውሮፓው ሕግ ልዩ ፈቃድ ከሰጣቸው ዕቃዎች አንዱ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ አይሠሩም። ንብረት ስለሆኑ አይጣሉም፤ ስለማይሠሩም አይፈለጉም። በመካከሉ ከአሮጌ ወንበርና ከተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ጋር ተደራርበው ዝናብ በሚያፈስ መጋዘን ይቀመጣሉ። ግምጃ ቤት ማጽዳት በተፈለገ ጊዜም ተሸክመው የሚያወጡት ተማሪዎች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ በመማሪያ መጻሕፍት ያለው ዝምታና በግምጃ ቤት ያለው ክምችት አንድ ዓይነት ምንጭ አላቸው። ኮምፒዩተር ከየትም ያልመጣና ወዴትም የማይሄድ ዕቃ መስሎ ስለሚቀርብ ርእሰ መምህሩም ሆነ ንብረት ክፍሉ የተበላሸውን መሣሪያ ከተሰበረ ወንበር ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አይኖረውም። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሀ. በኮምፒዩተር ትምህርት ስለ ትውልዶቹ በሚነገርበት ምዕራፍ ላይ ስለ መሣሪያው ቁሶችና ስለ መጨረሻው የሚናገር አንድ ክፍለ ጊዜ ይጨመር። በኬሚስትሪ ስለ ቅይጥ ሲነገር የ183 ዲግሪው ምሳሌ፣ በታሪክ ስለ ኢንዱስትሪ ሲነገር የሳንታ ክላራና የጉዪዩ ምሳሌ ቢሰጥ ተጨማሪ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ለ. መምህሩ ተማሪዎችን እንዳያስፈራ ይጠንቀቅ። ያልተሰበረና በአገልግሎት ላይ ያለ ኮምፒዩተር በእርሳሱ ምክንያት ተጠቃሚውን አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲሰበር፣ ሲቀልጥና ሲቃጠል ነው።

ሐ. በሙያ ትምህርት ብየዳ በሚለማመዱበት ክፍል መብላትና መጠጣት ይከልከል፤ ከሥራ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ይሁን። በመበየጃ ብረት ሙቀት እርሳሱ ይህን ያህል ወደ አየር አይተንም። የሚታየው ጢስ ከብየዳው ጋር የሚቀልጠው ሙጫ ሲሆን ለሳንባ ስለማይስማማ መስኮት መከፈት አለበት። እርሳሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በይበልጥ ከእጅ ወደ አፍ ነው።

መ. የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በግምጃ ቤታቸው ያለውን የተበላሸ መሣሪያ በዓይነት ቆጥረው ይመዝግቡ። ባለ ወፍራም ጀርባ ሞኒተሮች ሳይሰበሩ ከጣሪያ ሥር ይቀመጡ፤ ለተራ ቆራሌውም አይሸጡ። ደንቡ በሚያዝዘው መሠረት ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ እስኪተላለፉም ገመድ ማቃጠል ፈጽሞ ይከልከል።

ሠ. ዕጩ መምህራን ለመመረቂያ ከሚያደርጓቸው ጥናቶች መካከል በአካባቢያቸው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ያረጀ መሣሪያ ምን እንደሚያደርጉት የሚመረምር ርእስ ይሰጥ። ለዚህ መስክ የሚያስፈልገው መነሻ የተጣራ ቆጠራ ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የእርሳስ ጉዳት በእያንዳንዱ ዘመን እንደ አዲስ ተገኝቷል። ቪትሩቪየስ በሠራተኛው ፊት፣ ራማዚኒ በሸክላ ሠሪው እጅ፣ ፍራንክሊን በፊደል ለቃሚው ጣት፣ ኒድልማን በተማሪው ጥርስ፣ የቻይና ተመራማሪዎች ደግሞ ቦርድ በሚቀልጥበት ሰፈር ባደጉ ሕፃናት ደም አይተውታል። እውቀቱ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። የጎደለው አንድ አዲስ መሣሪያ ሲሠራ ያንን የቆየ እውቀት የሚያስታውስና የሚጠይቅ ሰው ነበር። መሐንዲሱ ስለ ቅልጠት ሙቀት፣ ነጋዴው ስለ ዋጋ፣ ተጠቃሚው ስለ ፍጥነት ሲጠይቅ፣ ስለ መጨረሻው የጠየቀው መጨረሻው በደጃፉ የወደቀበት ሰው ነው።

ዛሬ በየእጃችን ያለው ስልክም ሆነ ነገ የሚመጣው መሣሪያ የራሱን ንጥረ ነገሮች ይዞ ይመጣል። እነዚህ ምን እንደ ሆኑና ወዴት እንደሚሄዱ ገና ዕቃው አዲስ ሳለ የመጠየቅ ልማድ በሕግ ብቻ አይገኝም። ልማዱ የሚጀመረው በክፍል ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው የመልመጃ ጥያቄም በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ይገኛል።